ሊንኩ ዞረ ማለት ክሎኩ ዞረ ማለት አይደለም

ከሚዛን ወደ ቴፒ ባለው መስመር ያየሁት አናዶኝ ነው የምጽፈው። ዝናቡ ዋናውን ማይክሮዌቭ ጣለ፣ ትራፊኩ በባክአፑ ዞረ፣ ፒንግም አለፈ። ከዚያ ፎርጂው ታመመ፤ ሃንድኦቨር ይወድቃል፣ ጥሪ ይቆረጣል። የቡና ነጋዴው ብር ማስተላለፍ አቅቶት ቆሟል። የተሰጠኝ መልስ፦ «ሰዓቱን አይተነዋል፣ ትክክል ነው።»

1. ስክሪኑ ላይ የሚታየው ሰዓት የኤንቲፒ ነው፤ ለሎግ ነው የሚያገለግለው። ቤዝ ስቴሽኑ የሚፈልገው ፍሪኩዌንሲ ነው፤ ከቢሊዮን 50 በላይ መዛነፍ የለበትም። ቲዲዲ ከሆነ ደግሞ ፌዙ ከ1.5 ማይክሮሰከንድ እንዳያልፍ ፒቲፒ ወይም ጂፒኤስ ያስፈልጋል። በየግሩፑ «ኤንቲፒ ሰርቨር ካስገባችሁ በቃ» እያላችሁ የምትለጥፉ፣ እባካችሁ ተዉ።

2. በሲንክሮነስ ኢተርኔት ክሎኩ የሚመጣው በራሱ በሊንኩ ሲግናል ነው። ሊንኩ ሲወድቅ አብሮ ይወድቃል። ሁለተኛ ምንጭ ካልተሰጠው ራዲዮው ሆልድኦቨር ገብቶ ቀስ በቀስ ይንሸራተታል።

እዚህ ግን ሁለተኛ ምንጭ ተሰጥቶ ነበር! የክሎኩን ጥራት ለጎረቤት የሚያሳውቀው ኤስኤስኤም ግን ጠፍቷል። ሳይት ለ ክሎኩን የሚወስደው ከሳይት ሀ ነው። የሀ ዋና ሊንክ ሲወድቅ ሀ ዞሮ ከለ ወሰደ። ሰዓት ያላሰሩ ሁለት ሰዎች «ስንት ሰዓት ነው?» እየተባባሉ ቀሩ። ሁለቱም «ሎክድ» ይላሉ፣ አላርም የለም! ለ እኮ በሪንጉ ሌላ ጎን ጥሩ ምንጭ ነበረው፤ ከሀ የሚመጣው ሲግናል ስላልተቋረጠ አልቀየረም። ኤስኤስኤም ቢበራ ኖሮ ለ ወደ ሀ «ከእኔ አትውሰድ» ይል ነበር፤ ሀ ጥራቱ መውረዱን ያሳውቃል፣ ለ ወደ ሌላው ምንጭ ይሄዳል፣ ሀም ከእሱ ይከተላል። ይህ ሁሉ በየራዲዮው አንድ መስመር ኮንፊግ ነው።

ሎጉን ልይ ብል ደግሞ የአንዱ ራዲዮ ሰዓት በሀገራችን አቆጣጠር በእጅ ተሞልቷል፤ ከሌላው ጋር 6 ሰዓት ይለያያል። ዩቲሲ ሲደመር 3 አድርጉት፣ ዴይላይት ሴቪንግን አጥፉት።

ዕቃው በጨረታ በውድ ይገዛል፣ ስልጠናው አዲስ አበባ ሆቴል ውስጥ በስላይድ ያልቃል፣ ርክክቡ የስፒድ ቴስት ስክሪንሾት ነው። ቴፒ ታወር ላይ የሚወጣው ልጅ ስልጠናውን አላየውም።

ርክክብ ላይ የምትፈርሙ፦ ዋናውን ሊንክ በእጃችሁ አጥፉ፤ የሁለቱንም ጫፍ የክሎክ ምንጭ ሳታዩ አትፈርሙ።