ጡንቻን የሚያላላው ሱክሳሜቶኒየም፤ ጥቅሙና አደጋው

በኦፕራሲዮን ክፍል ከሚሠራባቸው መድኃኒቶች አንዱ ሱክሳሜቶኒየም ይባላል። ይህ መድኃኒት ጡንቻን ያላላል እንጂ እንቅልፍ አያመጣም፤ ሕመምንም አያስታግሥም። ጥቅሙና አደጋው የሚመነጩት ከሞለኪዩሉ አሠራር ስለ ሆነ፣ አስቀድመን ኬሚስትሪውን እንመለከታለን።

ነርቭ ጡንቻን በሚያዝበት ጊዜ ከጫፉ አሴቲልኮሊን የተባለ ቅመም ያፈልቃል። ይህ ቅመም ከጡንቻው ተቀባይ ጋር ሲገናኝ ጡንቻው ይኮማተራል፤ ወዲያውም በስፍራው ያለ ኤንዛይም ቅመሙን ስለሚያፈርሰው ተመልሶ ይላላል። ሱክሳሜቶኒየም ደግሞ ሁለት የአሴቲልኮሊን ሞለኪዩሎች የተጋጠሙበት ነው። ስለዚህ ጡንቻው የራሱ ቅመም መስሎት ይቀበለዋል፤ ለጥቂት ሰኮንድም ይርገበገባል። ነገር ግን የስፍራው ኤንዛይም ሊያፈርሰው ስለማይችል ተቀባዩን ይዞ ይቆያል፤ ጡንቻውም አዲስ ትእዛዝ መቀበል ተስኖት ይዝላል።

መድኃኒቱ በደም ሥር ሲሰጥ በ1 ደቂቃ ገደማ ይሠራል። በደም ውስጥ የሚገኝ ኮሊኔስቴራዝ የተባለ ሌላ ኤንዛይም ስለሚያፈርሰው፣ በ10 ደቂቃ ገደማ ኃይሉ ያልቃል። ሐኪሙ በዚህ ፋታ በበሽተኛው የአየር ቧንቧ ውስጥ ቱቦ ያስገባል። ይህ ፍጥነት ሆዱ ባዶ ላልሆነ የድንገተኛ አደጋ በሽተኛ እጅግ ይጠቅማል፤ ትውከት ወደ ሳንባው ሳይወርድ ቧንቧው ይጠበቅለታልና።

የመድኃኒቱ ታሪክ ለተመራማሪ ትምህርት ይሆናል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1906 አሜሪካዊው ሪድ ሐንት ከባልደረባው ከታቮ ጋር ይህንኑ ቅመም በእንስሳት ላይ ሲመረምር፣ ጡንቻ ማላላቱን አላስተዋለም። እንስሳቱ አስቀድሞ ኩራሬ የተባለው መርዝ ተሰጥቷቸው ስለ ነበረ ጡንቻቸው ቀድሞውኑ ዝሎ ነበር። ይህን ባሕርይ ዳንኤል ቦቬ በ1949 ገለጠ፤ በ1951 መድኃኒቱ በሕክምና ላይ ዋለ፤ ቦቬም በ1957 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

አሁን ወደ አደጋው እንሻገር። የመተንፈሻ ጡንቻዎችም ከሌሎቹ ጋር ስለሚዝሉ፣ በሽተኛውን ማስተንፈስ የሚችል ባለሙያና መሣሪያ በሌለበት መድኃኒቱ ሊሰጥ አይገባም። የማስተኛ መድኃኒት ያልተሰጠው ሰው ደግሞ እየሰማና እየታመመ ጣቱን እንኳ ማንቀሳቀስ ያቅተዋል።

ሁለተኛው አደጋ ከዘር የሚወረስ ነው። ኮሊኔስቴራዙ ደካማ የሆነ ሰው በደቂቃዎች ፈንታ ለሰዓታት እንደ ዛለ ይቆያል። ኩራሬን የሚያሸንፈው ኔኦስቲግሚን ይህንኑ ኤንዛይም ስለሚያግደው ዝለቱን ሊያራዝም ይችላል። ስለዚህ ዋናው ሕክምና ጡንቻው እስኪመለስ ድረስ በሽተኛውን አስተኝቶ በመሣሪያ ማስተንፈስ ነው።

ሦስተኛ፣ ከባድ ቃጠሎ ደርሶበት ቀናት ባለፉት ወይም ለብዙ ጊዜ ሽባ ሆኖ በቆየ ሰው ላይ በደሙ ያለው ፖታሲየም በድንገት ጨምሮ ልቡን ሊያቆም ይችላል። አራተኛ፣ በአንዳንድ ቤተሰቦች በሚወረስ ጠባይ ምክንያት የሰውነት ሙቀት ከመጠን በላይ ይወጣል፤ ለዚህ ዳንትሮሊን የተባለ መድኃኒት አለ።

እንግዲህ ከአራቱ አደጋዎች ሁለቱ በዘር የሚተላለፉ መሆናቸውን ልብ እንበል። ከኦፕራሲዮን በፊት «ከዘመዶችህ መካከል በማደንዘዣ ጊዜ ችግር የደረሰበት አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ገንዘብ አያስወጣም፤ የሰው ሕይወት ግን ያድናል። ይህን ጥያቄ የሚሰማ ሁሉ የሚያውቀውን ሳይሸሽግ ቢናገር ለራሱ ይጠቅማል።