አታሚው አረንጓዴውን አልሰረቀም

ጥምቀት ሲቃረብ፣ ከዚያም የካቲት 23 ሲመጣ፣ ያው ወሬ ይነሣል። የሰፈር ልጆች ብር አዋጥተው ለበዓሉ የሚለብሱትን ካናቴራ አንዱ «ዲዛይን የሚችል» ልጅ በላፕቶፑ ይሠራዋል። ፍላሹን ይዞ መርካቶ ይወርዳል። ካናቴራው ታትሞ ሲመጣ ስክሪኑ ላይ ዓይን ይወጋ የነበረው አረንጓዴ ጠውልጎ ይገኛል። ፍርዱም ወዲያው ይሰጣል፦ «ቀለሙን አቅጥነውት ነው!» ሰሞኑን ደግሞ ክሱ በየአጫጭር ቪዲዮው እየዞረ ነው። መካሪዎቹ አንድ እርምጃ ጨምረው «ዋናውን ሶፍትዌር ተማሩ፣ መርካቶ ግን አታሳትሙ» ይላሉ።

መርካቶ ውስጥ አጭበርባሪ የለም ብዬ የምሟገት የዋህ አይደለሁም። ይህ ክስ ግን በአብዛኛው ውድቅ ነው። ለማረጋገጥ ካናቴራውን አንሥታችሁ እንደገና እዩት። ቢጫው እንዴት ነው? ብዙውን ጊዜ ደህና ነው፤ ቀዩም ብዙ አያሳፍርም። ቀለም የሚያቀጥን ሌባ አረንጓዴውን ብቻ መርጦ የሚያቀጥንበት ምን ምክንያት አለው? የጠፋው አረንጓዴ ቀድሞውንም በዚያ ማሽን ሊታተም የማይችል ብርሃን ነበር። ይህን ሳያውቅ ሶፍትዌር የተማረ ሰው የተማረው የቁልፎቹን ስምና ቦታ ነው።

መጀመሪያ ሁሉም የሚጠይቀውን ቶሎ ልጨርሰው። የትኛው ሶፍትዌር ይሻላል? የትኛውም ይሆናል። ኢለስትሬተር እ.ኤ.አ. በ1987፣ ኮረልድሮው በ1989 ወጥተዋል፤ ኢንክስኬፕ ከ2003 ጀምሮ በነፃ ይገኛል፣ ክራክ ፍለጋ መንከራተትና ቫይረስ መሸመት አያስፈልገውም። ሦስቱም ምስሉን በነጥብ ሳይሆን በመስመር ቀመር ይይዙታል፤ ቬክተር የሚባለው ይህ ነው። ቀመሩን የሬኖው መሐንዲስ ፒየር ቤዚዬ በ1960ዎቹ የመኪና አካል ለመንደፍ ተጠቀመበት፤ የሲትሮየኑ ፖል ደ ካስተልዦ ቀድሞት ደርሶበት ነበር። ቬክተር የፈለገውን ያህል ቢለጠጥ ጠርዙ አይሻክርም። ፎቶ ግን ነጥቦቹ የተቆጠሩ ናቸው። 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ላለው ሕትመት በኢንች 300 ነጥብ ከተፈለገ 3,543 ያህል ፒክሰል ያስፈልጋል። 640 ፒክሰል ስፋት ያለው የፕሮፋይል ፎቶ እዚያው ላይ ሲዘረጋ በኢንች 54 ብቻ ይደርሰዋል። «300 ዲፒአይ ብላችሁ ሴቭ አድርጉት፣ ይጠራል» የሚለውም ምክር ከንቱ ነው፤ ሶፍትዌሩ የሌለውን ነጥብ ቢገምት እንጂ አያመጣውም። (በደንቡ ለምስሉ «ፒፒአይ»፣ ለማሽኑ «ዲፒአይ» መባል ነበረበት። ሱቁ ሁሉ ዲፒአይ ስለሚል እኔም ከሱቁ ጋር እሄዳለሁ።) ፋይሉን በቴሌግራም የምትልኩ ከሆነም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፤ እንደ ፎቶ ሲላክ ይጨመቃል።

ይህ ይበቃል። ወደ አረንጓዴው እንመለስ።

የስልካችሁ ስክሪን ላይ ትንሽ ጠብታ ውኃ አኑሩና ቀረብ ብላችሁ ተመልከቱ። ጠብታዋ እንደ አጉሊ መነጽር ሆና ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ጥቃቅን መብራቶች ታሳያችኋለች። ስክሪኑ ያሉት እነዚህ ብቻ ናቸው። እያንዳንዱ መብራት ከ0 እስከ 255 ባሉት ደረጃዎች ይደምቃል ወይም ይደበዝዛል፤ ሦስቱ ሲቀናበሩ 16,777,216 ዓይነት ውሕድ ይወጣቸዋል። ስክሪኑ ላይ ደማቅ ቢጫ ስታዩ የበራ ቢጫ መብራት የለም፤ ቀዩና አረንጓዴው አብረው በርተዋል። የሰው ዓይን ቀለም የሚለየው በሦስት ዓይነት ሕዋሳት ነው፤ እነሱን በተገቢው መጠን የነካካቸው ብርሃን ሁሉ፣ ምንጩ ምንም ይሁን ምን፣ አንድ ዓይነት ቀለም ሆኖ ይታያል። ስክሪን ሠሪዎች የሚኖሩት በዚህ የዓይናችን ድክመት ነው። ጄምስ ክለርክ ማክስዌል በ1861 ለንደን ላይ ያሳየውም ይህንኑ ነበር፤ በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ማጣሪያ የተነሡ ሦስት ፎቶዎችን በሦስት ፋኖስ አንድ ቦታ ላይ ደራርቦ ባለቀለም ምስል አወጣ። በምስሉ ላይ የነበረው ነገር የጨርቅ ሪባን ነው። የጨርቅ ቀለም በብርሃን ሲታይ ያን ጊዜም ያምር ነበር ማለት ነው፤ ጣጣው የሚመጣው ብርሃኑን መልሶ ጨርቅ ላይ ማተም ሲፈለግ ነው።

ካናቴራ መብራት የለውም። የሚያሳየን ከፀሐይ ወይም ከአምፖል የመጣለትን ብርሃን ነው፤ ያንንም ሳይነካው አያሳልፍም። ነጭ ብርሃን ቀለም የተቀባ ጨርቅ ላይ ሲያርፍ እያንዳንዱ ቀለም እንደ ደላላ የድርሻውን ይቆርጣል፤ ዓይናችን የሚደርሰው ከኮሚሽን የተረፈው ነው። ስክሪን ላይ ቀለም በቀለም ላይ ሲጨመር ብርሃን ይበዛል፣ ሦስቱም ሲሞሉ ነጭ ይሆናል። ጨርቅ ላይ ቀለም በቀለም ላይ ሲደረብ ብርሃን ያንሳል፣ መጨረሻው ጥቁር ወይም ጥቁር ቢጤ ቡኒ ነው። ለዚህ ነው የሕትመት ማሽን በስክሪኑ ሦስት ቀለማት ሳይሆን በሳያን፣ በማጀንታ፣ በቢጫና በጥቁር የሚሠራው። ሲኤምዋይኬ የሚባለው ይኸው ነው።

አሁን ማሽኑ አረንጓዴ ሊያትም ነው እንበል። ሳያንና ቢጫ ይደራርባል። ቢጫው ከነጩ ብርሃን ላይ ሰማያዊውን ይቆርጣል፤ ሳያኑ ቀዩን ይቆርጣል፤ አረንጓዴው ይተርፋል። ሒሳቡ ልክ ነው፤ ደላላው ግን ሐቀኛ አይደለም። በገበያ ያለ የትኛውም ሳያን ቀዩን ብቻ ቆርጦ አይመለስም፤ ከአረንጓዴውም ይሸርፋል። ስለዚህ ሁለቱ ተደራርበው የሚተርፈው አረንጓዴ ቀድሞውንም የተቀነሰበት ነው። ቢጫ ለብቻው ሲታተም አንድ ቆራጭ ብቻ ነው ያለው፤ እሱም ከሌሎቹ ይልቅ ለድርሻው የታመነ ነው፤ ስለዚህ ደምቆ ይወጣል። ቀይም ማጀንታና ቢጫ ተደርበው የሚወጣ ነው፤ የማጀንታ ዋናው ሌብነት ሰማያዊው ብርሃን ላይ ነው፣ ሰማያዊውን ደግሞ ቢጫው ለማንኛውም ሊቆርጠው ስለነበር ጉዳቱ ጎልቶ አይታይም። ደማቅ ሰማያዊ ስትሉ ወደ ወይን ጠጅ የሚያዘነብል ነገር የሚመጣውም በዚሁ ዓይነት የቀለም እንከን ነው። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ባለበት አገር ይህ የፊዚክስ ዕዳ ሁልጊዜ አረንጓዴው ላይ ማረፉ ያሳዝናል፤ የአታሚው ጥፋት ግን አይደለም።

መፍትሔው ቅርብ ነው፣ መርካቶ ውስጥም አለ፦ ሲልክ ስክሪን። እዚያ አረንጓዴው በሁለት ቀለም ድርብ አይፈጠርም፤ ከቆርቆሮው ሲወጣ ጀምሮ አረንጓዴ የሆነ ቀለም በፍሬም ላይ በተወጠረ ቀጭን ጨርቅ በኩል በስኩዊጂ (በጎማ መግፊያ) ተስቦ ይታተማል። ሁለት ደላላ በአንድ ተተካ ማለት ነው። ለሦስት ቀለም የአድዋ ካናቴራ ርካሽ የሚመስለው የእጅ ሕትመት ውዱን ዲጂታል ማሽን የሚያስከነዳበት ጊዜ ያለው ለዚህ ነው። ሶፍትዌሩ ውስጥ የሚፈለግባችሁም ጥላና ማሸብረቂያ ሳታበዙ ሦስት ጥርት ያሉ ቀለሞችን ብቻ መጠቀምና እያንዳንዱን በየራሱ ሌየር መለየት ነው።

እዚህ ላይ የሙያው ሰዎች እርስ በርስ የሚጨቃጨቁበት ስለሆነ ጥንቃቄ ላብዛ። አንደኛ፣ «ስክሪን የሚያሳየው ሁሉ ከሕትመት ይሰፋል» ማለት ትክክል አይደለም፤ የጠራ ሳያን ቀለም በተለመደው ስክሪን በትክክል አይታይም። ሁለተኛ፣ «ሁልጊዜ ሲኤምዋይኬ አድርጋችሁ አስረክቡ» የሚለው ትእዛዝ ለመጽሔት ወረቀት የተጻፈ ነው። የሲልክ ስክሪን ባለሙያ ከእናንተ የሚፈልገው በየራሳቸው የተነጣጠሉ ቀለሞችን እንጂ ያንን ቅንብር አይደለም። በፊልም አትመው በሙቀት ከሚለጥፉት የዲቲኤፍ ማሽኖች ብዙዎቹም የራሳቸው የቀለም መቀየሪያ ሶፍትዌር ስላላቸው ፋይሉ በአርጂቢ፣ ማለትም በስክሪኑ ሦስት ቀለማት፣ ቢመጣላቸው የሚመርጡ አታሚዎች አሉ፤ ሌሎች አጥብቀው ይቃወማሉ፤ ሁለቱም በየማሽናቸው ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ሦስተኛ፣ የቀለም ፕሮፋይል የሚባለው ፋይል የሚታመነው ለተለካበት ማሽን፣ ለተለካበት ቀለምና ለተለካበት ጨርቅ ነው። አራተኛ፣ ሱቁ ውስጥ ባለው አምፖል የተስማሙ ሁለት ቀለሞች ውጭ ፀሐይ ላይ ሊለያዩ ይችላሉ፤ ናሙና ደጅ ወጥቶ ይታይ።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያሳስተው ግን ጥቁር ካናቴራ ነው። የሕትመት ቀለም አብዛኛው ብርሃን አሳላፊ ነው። ከሥሩ ነጭ ጨርቅ ሲኖር ብርሃኑ በቀለሙ አልፎ፣ ጨርቁ ላይ ነጥሮ ይመለሳል። ከሥሩ ጥቁር ከሆነ የሚመለስ ብርሃን የለም። ስለዚህ አታሚው መጀመሪያ ነጭ ንጣፍ ያትማል፤ ነጭነቱን የሚሰጠው ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ብርሃንን አጥብቆ ስለሚበትን ሥሩን ይሸፍናል። ላፕቶፑ ላይ «ባዶ» የነበረው ነጭ ጥቁር ካናቴራ ላይ ራሱን የቻለ ቀለም፣ ራሱን የቻለ ፍሬም፣ ራሱን የቻለ ክፍያ ነው። ንጣፉ ከላዩ ካለው ቀለም በጥቂቱ ጠበብ ማለት አለበት፤ አለዚያ በየጠርዙ ነጭ መስመር ብቅ ይላል።

ፍሬሙ ራሱ እንዴት እንደሚሠራ ማየት ከብዙ ሰዓት የቪዲዮ ትምህርት ይበልጣል። የተወጠረው ቀጭን ጨርቅ ብርሃን በሚያጠነክረው ኢማልሽን ይቀባና ከብርሃን ተሰውሮ ይደርቃል። ዲዛይናችሁ በጥቁር የታተመበት ፊልም ይለጠፍበትና መብራት ይበራበታል። ብርሃን ያገኘው ክፍል ይጠነክራል፤ ጥቁሩ የጋረደው ልስልስ እንዳለ ይቀርና በውኃ ይታጠባል፤ ቀለም የሚያልፍበት ቀዳዳ እሱ ነው። ፊልሙ ላይ አረንጓዴም ቢጫም ቀይም ሁሉም ጥቁር ናቸው። ግራጫ የሚባል ነገር የለም፤ ብርሃን ወይ ያልፋል ወይ አያልፍም። የደበዘዘ ጥላ የምትፈልጉ ከሆነ ወደ ትልልቅና ትንንሽ ነጥቦች መፍጨት የእናንተ ሥራ ነው።

ፊደላችንም እዚሁ ይፈተናል። «ሌ» ከ«ለ» የሚለየው ግርጌው ላይ ባለች አንዲት ቀለበት ነው። ፊደሉ ካነሰ ቀለሙ ቀለበቷን ይሞላትና ድቡልቡል ነጠብጣብ ትሆናለች። ከግማሽ ሚሊ ሜትር የጠበበ ክፍተት ጨርቅ ላይ ክፍት ሆኖ ይቀራል ብላችሁ አትመኑ፤ ወፈር ያለ ፊደል ምረጡ፣ ወይም ቀለበቱን በቬክተር ራሳችሁ አስፉት። ሌላም አለ። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ቦታ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት የተሠሩት ፎንቶች ፊደላችንን በላቲን ቁልፎች ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። እንዲህ ባለ ፎንት የተጻፈ ፋይል ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የላቲን ዝብርቅርቅ ይሆናል። ከማስረከባችሁ በፊት ጽሑፉን ወደ መስመር ቀይሩት፤ ኮረልድሮው ላይ ኮንትሮል ኪው፣ ኢንክስኬፕ ላይ ኮንትሮል ሺፍት ሲ ነው። ለማረም ግን ያልተቀየረ ኮፒ ይኑራችሁ።

«አንዴ ሲታጠብ ለቀቀ» የሚለውም ክስ ብዙ ጊዜ መልሱ ጨርቁ ላይ ነው። ሰብሊሜሽን የሚባለው የሕትመት ዘዴ በ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ቀለሙን ወደ ጋዝ ቀይሮ ፖሊስተር ውስጥ ያስገባዋል፤ ጥጥ አይዘውም። ነጋዴው «ንጹሕ ጥጥ ነው» ካላችሁ ከውስጥ ስፌቱ አንድ ክር መዝዛችሁ እሳት በማይዛመትበት ቦታ በጥንቃቄ በክብሪት ሞክሩት፦ ጥጥ እንደ ወረቀት ሸትቶ አመድ ይሆናል፤ ፖሊስተር ቀልጦ ጠንካራ እንክብል ይተዋል።

ስለዚህ ራሱን ለሚያስተምር ሰው የመጀመሪያው ፋይል ዲዛይን ባይሆን እመርጣለሁ። በዝርዝር የተቀመጡ ቀለማት ያሉበት፣ ከየቀለሙ ሥር ቁጥሩ የተጻፈበት፣ ወፍራምና ቀጭን መስመር፣ ትልቅና ትንሽ «ሌ» ያለበት አንድ ገጽ ሥሩና በምታሳትሙበት ማሽን፣ በምታሳትሙበት ጨርቅ ላይ አሳትሙት። ከዚያ በኋላ ቀለም የምትመርጡት ከስክሪኑ ሳይሆን ከዚያ ጨርቅ ነው፤ ቁጥሩን አንብባችሁ ሶፍትዌሩ ውስጥ ትጽፉታላችሁ። በሚቀጥለው ዓመት አረንጓዴው ከናሙናው በታች ሆኖ ከመጣ፣ ያኔ በእርግጥ የሆነ ሰው ቀለም አቅጥኗል፤ ጨርቁን ይዛችሁ ሄዳችሁ ተከራከሩት።