ለውሻ ደግሞ ብስኩት?

ባለፈው ፋሲካ ቡቺ በዓሉን ከእኛ እኩል ነበር ያከበረው። ከየሳህኑ የተረፈው ዶሮ ወጥ ከነፍትፍቱ ተጠራርጎ የሱ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ይገባል፤ የድስቱም መጨረሻ የእሱ ነው። ሦስት ቀን እንዲህ ሆነ። በአራተኛው ቀን የግቢው በር ሲንኳኳ አልጮኸም። ተጠግቼ ሳየው ድዱ ነጭ ሆኗል፣ ሲተነፍስ ይቸኩላል፣ ሽንቱ ደግሞ ልክ እንደ ቀጠነ ቡና ጠቁሯል።

«መርዝ በልቶ ነው» ብለን እየተነጋገርን ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰድነው። ሐኪሙ አንዴ ድዱን ገልጦ አየና «ለበዓል ምን አበላችሁት?» አለን። ገረመኝ። ምን እናበላዋለን? እኛ የበላነውን!

ችግሩም እሱ ነበር። ሽንኩርት፣ ቀይም ሆነ ነጭ፣ ጥሬም ሆነ የበሰለ፣ የውሻን ቀይ የደም ሴል የሚያፈርስ ነገር አለው። ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት ከ15 እስከ 30 ግራም ሽንኩርት ውሻን ሊጎዳ ይችላል። አሥር ኪሎ ለሚመዝን ውሻ ይህ ማለት አንድ ወይም ሁለት ራስ ሽንኩርት ነው። አንድ ዶሮ ወጥ ስንት ኪሎ ሽንኩርት እንደሚበላ የእናቶቻችንን ዓይን ጠይቁ። ቁሌት ማለት እኮ ሽንኩርት ነው። ደግሞ ምልክቱ ወዲያው አይታይም፤ ቀናት ሊወስድ ስለሚችል ከምግቡ ጋር የሚያያይዘው ሰው የለም። ስንቱ የግቢ ውሻ «ጎረቤት መርዝ ሰጠው» ተብሎ ሳይቀበር አልቀረም።

ቡቺ ዳነ። ፈሳሽ ተሰጠው፣ ሁለት ሳምንት ያህል ከጥግ አልተነሳም፣ ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ጋዜጣ አዟሪው ላይ ጮኸ። እኔም ስልኬን ይዤ «ታዲያ ምን ላብላው?» ፍለጋ ገባሁ። ቲክቶክ አንዴ ውሻ እንዳለህ ካወቀ አይለቅህም፤ የውሻ ልደት፣ የውሻ ኬክ፣ ሻማ የሚጠፋለት ውሻ ሁሉ አሳየኝ። ከዚያ ሁሉ ለእኛ ቤት የሚሆን አንድ ነገር አገኘሁ፦ የዱባ ብስኩት።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሁለት ብርጭቆ ያልተነፋ የስንዴ ዱቄት፣ አንድ ብርጭቆ ተቀቅሎ የተፈጨ ዱባ፣ አንድ እንቁላል፣ ሁለት ማንኪያ የኦቾሎኒ ቅቤ። ጨው የለ፣ ስኳር የለ፣ ዘይት የለ፣ ቅመም የለ። ሊጡ እጅ ላይ ከተጣበቀ ዱቄት ትጨምራላችሁ። በጠርሙስ ዳምጣችሁ፣ በብርጭቆ አፍ ወይም በቢላ ቆርጣችሁ፣ ኦቨን ያላችሁ በ180 ዲግሪ ከ25 እስከ 30 ደቂቃ ትጋግሩታላችሁ። እኛ ኦቨን የለንም። ምጣዱን አግዬ፣ ኃይሉን ቀንሼ፣ አክንባሎ ደፍቼበት፣ እያገላበጥኩ ነው የጋገርኩት። ሁለተኛው ዙር ላይ መብራት ጠፋ። እንዲያውም ጠቀመኝ፤ የምጣዱ ሙቀት ቀስ እያለ አደረቀልኝና ከመጀመሪያው ይልቅ ይኼኛው ቀርጨጭ አለ።

የኦቾሎኒ ቅቤው ላይ ግን አደራ። ከውጭ የሚመጡት አንዳንዶቹ ዛይሊቶል የሚባል የስኳር ምትክ አለባቸው። ይህ ነገር ለሰው ምንም አይደለም፤ ውሻ ላይ ግን የደም ስኳሩን በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሊጥለውና ሊገድለው ይችላል። ስኳር አልባ ማስቲካ ውስጥም አለ። የአገር ውስጡም ቢሆን የሻገተ ኦቾሎኒ ከሆነ አፍላቶክሲን ሊኖረው ይችላል፤ ጉበት ይጎዳል፣ መጋገርም አያጠፋውም። «ለሰው አይሆንም፣ ለውሻው ስጡት» የምንለው የሻገተ ዳቦና እንጀራም ያው ነው። ዘቢብና ቸኮሌት አይሞከሩም። በእርሾ የተቦካ ጥሬ ሊጥም ከውሻ ይራቅ፤ ሆዱ ውስጥ ገብቶ ይነፋል፣ አልኮልም ያመነጫል።

እናቴ ምጣዷ ላይ የተደረደረውን አይታ «ለውሻ ደግሞ ብስኩት? ሰው የሚበላው አጥቶ!» አለች። መልስ አልነበረኝም፤ አሁንም ሙሉ መልስ የለኝም። የዱቄት ዋጋ የምታውቀው እሷ ናት። በታሪክም ቢሆን እውነት አላት፦ እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ ጄምስ ስፕራት የተባለ አሜሪካዊ ለንደን ላይ የውሻ ብስኩት እያመረተ መሸጥ ሲጀምር፣ ገዢዎቹ የአደን ውሻ ያላቸው ባለጠጎች ነበሩ። ግን ቡቺን ያሳከምንበት ገንዘብ ስንት ኪሎ ዱቄት እንደሚገዛ በልቤ አስልቻለሁ። ለእሷ አልነገርኳትም።

ደግሞ ብስኩቱ ምሳ አይደለም። የእንስሳት ሐኪሞች እንዲህ ያለው ነገር ውሻው በቀን ከሚያስፈልገው ካሎሪ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ይመክራሉ። ስለዚህ አንድ ጊዜ የጋገርኩት ይበረክታል፤ ዱባ ስላለበት ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሳምንት፣ የቀረው ፍሪዘር። ዋናው ምግቡ ያለ ቅመም የተቀቀለ ሩዝ፣ ካሮትና ከሥጋ ቤት የምናመጣው ቁርጥራጭ ሆኗል። ሐኪሙ ይህም ብቻውን ለሁልጊዜ አይበቃም ብሎናል፤ ሲገኝ ጉበትና እንቁላል እንጨምራለን። የበሰለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥቆ ስለሚወጋ ቀርቷል።

የሰኔ ጾም ሲገባ አዲስ ችግር መጣ። «በጾም ምጣዴ ላይ እንቁላል አታሳርፍም» አለች እናቴ። ልክ ናት። እንቁላሉን ትቼ ዱባውን ጨመር አደረግኩ፤ ያዘ። ትንሽ ይፈረፈራል እንጂ ቡቺ ቅሬታ አላቀረበም። የጾም ፍርፋሪ እንዳይመስላችሁ የሚቀልለው፤ ሽሮውም ሲዘጋጅ ነጭ ሽንኩርት ይገባበታል።

የእንቁጣጣሽ ዋዜማ እናቴ ሽንኩርት ለመክተፍ በረንዳ ላይ ተቀምጣለች። ቡቺ እንደ ልማዱ አጠገቧ ተዘርግቶ የሚወድቅለትን ይጠብቃል። በእግሯ ገፋ አደረገችውና ጠራችኝ።

«ና ይሄን ልጅህን ከዚህ አርቅልኝ» አለች። ቀና ሳትል ጨመረች፦ «የዶሮዋን ጉበት ቁሌቱ ውስጥ ሳይገባ ለብቻው ቀቅዬለታለሁ። ሲበርድ ስጠው።»