«ሬንድ. ሊንቸይ፣ 5፣ 29»፦ የድሮ ማኅበራት መዝገቦችን ዋቢ እንዴት እንፍታ?

ስለ ዘርዐ ያዕቆብ «ሐተታ» ለመመረቂያ ጽሑፉ ማንበብ የጀመረ ተማሪ ውሎ አድሮ አንድ የግርጌ ማስታወሻ ላይ መድረሱ አይቀርም። ማስታወሻው «ኮንቲ ሮሲኒ፣ ሬንድ. ሊንቸይ፣ 5፣ 29 (1920)፣ 213–223» የሚል ዓይነት ነው። ጣልያናዊው ምሁር ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ «ሐተታው የኢትዮጵያዊ ፈላስፋ ሳይሆን የሚሲዮናዊው የጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ድርሰት ነው» ሲል የተከራከረው በእነዚህ 11 ገጾች ነው። ክርክሩ ዛሬም አልበረደም። ግን ገጾቹን ከፍተን ያየን ስንቶቻችን ነን? ብዙዎቻችን ሌላ ሰው የጠቀሰውን መልሰን እንጠቅሳለን። ሁልጊዜ ከስንፍና አይደለም፤ ዋቢው ራሱ አልፈታ ይላል። እስቲ አብረን እንፍታው። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው ከስብሰባ ነው። የሮማው የሊንቸይ አካዳሚ በ1603፣ የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ ደግሞ በ1660 ተመሠረቱ። እንዲህ ባሉ ማኅበራት አንድ አባል ጥናቱን በጉባኤ ፊት ያነብባል ወይም ያስነብባል፤ ጽሑፉ በኋላ ታትሞ ለአባላትና ለሌሎች ማኅበራት ይላካል። ይህን ኅትመት እንግሊዞች «ፕሮሲዲንግስ» ወይም «ትራንዛክሽንስ»፣ ጣልያኖች «አቲ» ወይም «ሬንዲኮንቲ»፣ ፈረንሳዮች «ኮንት ራንዱ»፣ ጀርመኖች «ዚትሱንግስበሪሽተ» ይሉታል። በእኛ አነጋገር የጉባኤ መዝገብ ልንለው እንችላለን። የዚያን ጊዜ ጸሐፊ አንባቢዬ መዝገቡን ያውቀዋል፣ ምናልባትም በመደርደሪያው ላይ አለው ብሎ ስለሚያስብ በሦስት አራት ፊደል አሳጥሮ ያልፈዋል። ለእኛ ግን እንቆቅልሽ ይሆንብናል።

አሁን ወደ ዋቢያችን እንመለስ። መጀመሪያ የጸሐፊው ስም አለ። ቀጥሎ የጽሑፉን ርእስ ብንጠብቅም አናገኘውም፤ የድሮ ጸሐፊዎች ብዙ ጊዜ ርእሱን ይተዉታል። «ሬንድ. ሊንቸይ» የመዝገቡ ስም ነው፤ የሊንቸይ አካዳሚ ሬንዲኮንቲ ማለት ነው። 5 ተከታታዩን፣ 29 ቅጹን፣ 1920 ዓመቱን፣ የመጨረሻዎቹ ቁጥሮች ደግሞ ገጾቹን ያመለክታሉ። ቅደም ተከተሉን ካወቅን ግማሹን መንገድ ሄደናል። የቀረው ግማሽ ግን ወጥመድ አለበት።

አንደኛው ወጥመድ ተከታታዩ ነው። ማኅበራት የመዝገባቸውን መልክ ሲለውጡ የቅጽ ቁጥሩን እንደገና ከ1 ይጀምራሉ። የለንደኑ ሮያል ጂኦግራፊካል ሶሳይቲ ፕሮሲዲንግስ ከ1855 ጀምሮ 22 ቅጽ ከታተመ በኋላ በ1879 እንደገና ቅጽ 1 ብሎ ተነሣ። ስለዚህ «ቅጽ 3» ብቻ የሚል ዋቢ ወደ ሁለት የተለያዩ መጻሕፍት ሊመራን ይችላል። ዓመቱን ሳናይ አንፈልግ።

ሁለተኛው ክፍሉ ነው። የሊንቸይ አካዳሚ አንድ ክፍል ለተፈጥሮ ሳይንስና ለሒሳብ፣ ሌላ ክፍል ለታሪክ፣ ለቋንቋና ለፍልስፍና ነበረው። ሁለቱም የየራሳቸውን ሬንዲኮንቲ ያሳትሙ ነበር፤ በ1920 ደግሞ ሁለቱም ተከታታይ 5፣ ቅጽ 29 ላይ ነበሩ! ክፍሉን ሳያጣራ የተነሣ ተማሪ ሐተታን ሲፈልግ የሒሳብ ቀመር ይዞ ይመለሳል።

ሦስተኛው ዓመቱ ነው። ጽሑፉ የተነበበበት፣ የታተመበትና ቅጹ የተጠናቀቀበት ዓመት ሊለያዩ ይችላሉ። የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች የምታውቁት የአለን ቱሪንግ ጽሑፍ በለንደን ሒሳብ ማኅበር ፕሮሲዲንግስ፣ ተከታታይ 2፣ ቅጽ 42፣ ገጽ 230–265 ይገኛል። ማኅበሩ ጽሑፉን የተቀበለው በግንቦት 1936 ነው፤ በጉባኤ የተነበበው ኅዳር ላይ ነው፤ ቅጹ ግን የ1936–37 ነው። ስለዚህ አንዱ 1936፣ ሌላው 1937 ብሎ ይጠቅሰዋል፤ ጽሑፉ ግን አንድ ነው። የእኛው የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤም እንዲሁ ነው፤ የመጀመሪያው በሮማ በ1959 ተካሂዶ «አቲ» የተባለው መዝገቡ በ1960 ታተመ። ሁለት ዓመት ስላያችሁ ሁለት ጽሑፍ ነው አትበሉ።

በዚህ ላይ ቅጹ በሮማ ቁጥር ይጻፍና ያምታታል። «ኤክስ ኤል» 40 ሲሆን «ኤል ኤክስ» 60 ነው፤ አንድ ፊደል ቦታ ሲለውጥ በ20 ቅጽ እንሳሳታለን። «ኦፕ. ሲት.» የሚል ካጋጠማችሁ ደግሞ «ቀደም ሲል የተጠቀሰው ሥራ» ማለት ስለሆነ የዚያው ጸሐፊ ስም መጀመሪያ እስከተጠቀሰበት ገጽ ወደ ኋላ ግለጡ።

ታዲያ ምን እናድርግ? በመጀመሪያ ዋቢውን ባገኛችሁበት መጽሐፍ መግቢያ ወይም መጨረሻ የአኅጽሮተ ቃላት ዝርዝር መኖሩን እዩ። ቀጥሎ በቤተ መጻሕፍቱ ካታሎግ ውስጥ የጽሑፉን ርእስ ሳይሆን የማኅበሩን ወይም የመዝገቡን ስም ፈልጉ፤ መዝገቡ የተመዘገበው በዚያ ስም ነውና። ተከታታዩን፣ ክፍሉንና ቅጹን ለዩ፤ ከዚያ ገጹን ክፈቱ። ብዙዎቹ የድሮ ቅጾች በኢንተርኔት አርካይቭና በሀቲ ትረስት ይገኛሉ። ካጣችሁት የኮሌጃችሁን የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ጠይቁ፤ ከሌላ ቤተ መጻሕፍት ማስመጣት የዘወትር ሥራቸው ነው፣ አትፈሩ። ይህም ካልተሳካ «እገሌ እንደጠቀሰው» ብላችሁ በግልጽ ጻፉ። ያላዩትን እንዳዩ አድርጎ መጥቀስ የቀደመውን ሰው ስሕተት ጭምር መውረስ ነው።

ይህ ሁሉ ድካም ለአንድ የግርጌ ማስታወሻ ነው ወይ? አዎ፣ ያስፈልጋል። ስለ አገራችን ታሪክና ፍልስፍና ብዙ ነገር የተጻፈው እንደነዚህ ባሉ መዝገቦች ውስጥ፣ በሌላ ሰው ቋንቋ ነው። ኮንቲ ሮሲኒን ልንቀበለው ወይም ልንሞግተው እንችላለን፤ ግን በወሬ ሳይሆን 11ዱን ገጾች አንብበን ይሁን። ጣልያንኛ የምትችሉ ካላችሁ ለሌሎቻችን ብታብራሩልን ደስ ይለናል። መልካም ንባብ!