የኢንተርኔት ሱቅ አከራዮች ደንበኛ ስለሚያገኙበትና ስለሚይዙበት ዘዴ

አንድ ነጋዴ ሱቅ ለመክፈት ሲያስብ አስቀድሞ የሚፈልገው ቤት ነው። የራሱ ቤት ከሌለው ይከራያል፤ ከመግባቱም በፊት ኪራዩን ይጠይቃል፥ የሰፈሩን ገበያ ያያል፥ ከእርሱ በፊት የነበረው ተከራይ ለምን እንደ ለቀቀ ከጎረቤት ይሰማል። በኢንተርኔት ላይ ለመሸጥ የሚፈልግ ሰውም ቤት ያስፈልገዋል። ዕቃው በሥዕልና በዋጋ የሚታይበትን ገጽ፥ ገዢው የሚከፍልበትን መንገድ፥ ትእዛዙ የሚጻፍበትን መዝገብ ሁሉ አዘጋጅተው በወር ክፍያ የሚሰጡ ኩባንያዎች አሉ። እነዚህን ኩባንያዎች በዚህ ጽሑፍ «ሱቅ አከራዮች» ብለናቸዋል፤ በሥራቸው ከቤት አከራይ ብዙም ስለማይለዩ ስሙ የሚስማማቸው ይመስለናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።

ይህን ጉዳይ እንድንመረምር ያነሣሣን አንድ ጥያቄ ነው። ሻጮች በበዙበትና ውድድር ባየለበት ገበያ ዋጋ ይወርዳል ተብለን ተምረናል። ሱቅ አከራዮች ብዙዎች ናቸው፤ ደንበኛ ለማግኘት የሚያደርጉት ሽሚያም ብርቱ ነው። ነገር ግን አንድ ጊዜ የገባው ተከራይ የሚከፍለው ገንዘብ እየዋለ እያደረ ሲጨምር እንጂ ሲቀንስ እምብዛም አይታይም። እነዚህ ሁለት ነገሮች እንዴት አብረው ሊኖሩ ቻሉ?

የሥራው ታሪክ ረጅም አይደለም። በ1995 ፖል ግራሃም፥ ሮበርት ሞሪስና ትሬቨር ብላክዌል በአሜሪካ አገር ቪያዌብ የተባለ ኩባንያ አቋቁመው ነበር። የእነርሱ ፈጠራ፥ ሶፍትዌሩ በኩባንያው ኮምፒዩተር ላይ ተቀምጦ ነጋዴው ከቤቱ ሆኖ በብራውዘር ሱቁን እንዲያሰናዳ ማድረጉ ነው። ያሁ በ1998 ኩባንያውን 49 ሚሊዮን ዶላር በሚያህል አክሲዮን ገዛው። በ2004 ደግሞ ቶቢያስ ሉትኬ የተባለ ጀርመናዊ በካናዳ አገር በኦታዋ ከተማ ከባልንጀራው ጋር የበረዶ መንሸራተቻ ሰሌዳ የሚሸጥ የኢንተርኔት ሱቅ ከፈተ። በገበያ ላይ ያገኘው ሶፍትዌር ስላላረካው የራሱን ጻፈ። ከሰሌዳው ይልቅ ሶፍትዌሩ የሚሻል ንግድ ሆኖ ስለ ተገኘ በ2006 ሾፒፋይ ተብሎ ለሌሎች ነጋዴዎች ይከራይ ጀመር። ቢግኮመርስ በ2009 በአውስትራልያ ተነሣ፤ ዉኮመርስ በ2011 ወጣ፤ ሌሎችም ተከተሉ።

እንግዲህ ደንበኛ ወደሚያዝበት ዘዴ እንግባ። በጣም ግልጽ የሆነው ምሳሌ ስቶርስኦንላይን የተባለው ነው። ይህ የዩታው ኩባንያ የአይመርጀንት ቅርንጫፍ ሲሆን፥ ሱቁን የሚሸጠው በሆቴል አዳራሽ ነበር። ሰዎች በደብዳቤ ተጠርተው በነጻ ገለጻ ይሰማሉ፤ ልባቸው የተነካው ሙሉ ቀን በሚፈጅ ሌላ ስብሰባ ላይ ይገኛሉ፤ በዚያም በሺሕ የሚቆጠር ዶላር የሚያስከፍል የሱቅ ሶፍትዌር ይቀርብላቸዋል። ገንዘቡ በእጁ ለሌለው ሰው ኩባንያው ራሱ በዱቤ ይሰጠው ነበር። የሚያስደንቀውም ይህ ነው፤ ከዱቤው ትልቅ ክፍል እንደማይመለስ ኩባንያው ራሱ በሒሳብ መግለጫው ለባለ አክሲዮኖቹ ያስታውቅ ነበር። ገዢው ሠርቶ እንደማያተርፍ ከገዢው በፊት ሻጩ ያወቀው ይመስላል። በ2005 የቴክሳስ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ከሰሰው፤ ሌሎች የአሜሪካ ክፍላተ ሀገርም ተከተሉ፤ በአውስትራልያም የውድድርና የሸማቾች ኮሚሽን ጉዳዩን ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት አቀረበው። ኩባንያው በ2011 ስሙን ክሬክሴንዶ ብሎ ለውጦ ኋላ ወደ ስልክ አገልግሎት ዞረ።

ሌላው ዘዴ በደብዳቤ የሚመጣ ነው። የሱቁ አድራሻ፥ ማለት ዶሜይን የሚባለው፥ በየጊዜው ይታደሳል። ዶሜይን ሬጂስትሪ ኦፍ አሜሪካ የተባለ ድርጅት የሌሎች መዝጋቢዎች ደንበኞች ለሆኑ ሰዎች የዕድሳት ሒሳብ የሚመስል ወረቀት ይልክ ነበር። ተቀባዩ የቆየ ዕዳውን የሚከፍል መስሎት ገንዘቡን ሲልክ ሳያውቀው መዝጋቢ ይለውጣል። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን በ2003 ይህን ሥራ ከፍርድ ቤት አድርሶ በስምምነት አስቆመው።

እንዲህ ያሉት የማታለል ክስ የተነሣባቸው ስለ ሆኑ ለመፍረድ አያስቸግሩም። የሚያስቸግረው በሕግ የተፈቀደው ግፊት ነው። የስልክ ቍጥሩን ያስመዘገበ ሰው ወዲያው ይደወልለታል፤ ቅናሹ ዛሬ ማታ እንደሚያልቅ በገጹ ላይ ሰዓት ይቈጥርበታል፤ «በወር 3 ዶላር» የተባለው ዋጋ የሦስት ዓመቱን አስቀድሞ ለሚከፍል ብቻ መሆኑንና በዕድሳቱ ጊዜ በእጥፍ እንደሚበልጥ በደቃቅ ፊደል ተጽፎ ያገኘዋል። ደላላም አለ። «የዓመቱ ምርጥ ሱቅ አከራይ የትኛው ነው?» እያሉ ኩባንያዎችን የሚያወዳድሩ ጽሑፎች በብዛት ይታተማሉ። ከጸሐፊዎቹ ብዙዎቹ ግን አንባቢው በእነርሱ በኩል ገብቶ ሲከራይ ኮሚሽን የሚያገኙ ናቸው። ሾፒፋይ ለአንድ ደንበኛ እስከ 150 ዶላር፥ ቢግኮመርስም የመጀመሪያውን ወር ኪራይ እጥፍ የከፈሉበት ጊዜ አለ። ከ2009 ጀምሮ የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን መመሪያ እንዲህ ያለው ጥቅም ለአንባቢ እንዲገለጽ ያዛል፤ መግለጫው ግን ብዙ ጊዜ ሰው በማያነብበት ቦታ ይቀመጣል። በአገራችን ደላላ ደላላ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ገዢውም ቃሉን በዚያ ልክ ይሰማል። የእነዚህ ጸሐፊዎች ጉዳት በመካሪ ልብስ መምጣታቸው ነው።

አንድ ኩባንያ በወር 39 ዶላር ለሚከፍል ተከራይ 150 ዶላር ለደላላ የሚከፍለው ለምንድር ነው? የጥያቄያችን መልስ የሚጀምረው ከዚህ ነው። የእንግሊዙ የኢኮኖሚክስ ምሁር ፖል ክሌምፐረር በ1987 ባወጣው ጥናት እንዳስረዳው፥ ደንበኛው ከአንዱ ሻጭ ወደ ሌላው ለመዛወር ወጪ የሚያስከትልበት ከሆነ፥ ሻጮች ደንበኛውን ለመያዝ በመጀመሪያ ዋጋቸውን እስከ ኪሳራ ድረስ ዝቅ ያደርጋሉ፤ ከያዙት በኋላ ደግሞ ከፍ ያደርጋሉ። ውድድሩ አለ፤ ነገር ግን የሚካሄደው ገና ባልገባው ሰው ላይ ነው። በበሩ ላይ የምናየው ጩኸትና ስጦታ ሁሉ ከውስጥ በሚሰበሰበው ገንዘብ ላይ አስቀድሞ የተሰጠ ብድር ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

የመዛወሩ ወጪ ምን እንደ ሆነ ካልታየ ይህ ነገር ግምት ብቻ ሆኖ ይቀራል። የዕቃ ዝርዝርን ገልብጦ መውሰድ ቀላል ነው፤ አከራዮቹም አይከለክሉም። ነገር ግን በሾፒፋይ ላይ የእያንዳንዱ ዕቃ ገጽ አድራሻ ኩባንያው በወሰነው ቅርጽ የተሠራ ስለ ሆነ፥ ነጋዴው ወደ ሌላ አከራይ ሲሄድ የቀድሞዎቹን አድራሻዎች አንድ በአንድ ወደ አዲሶቹ ካላዞረ በጉግል በኩል ይመጣ የነበረው ገዢ ባዶ ገጽ ያገኛል። የደንበኞቹ የይለፍ ቃል አይወሰድም፤ ሁሉም እንደገና መመዝገብ አለባቸው። የሱቁ መልክ ሊኩዊድ በሚባለው የሾፒፋይ ቋንቋ የተጻፈ ነውና በሌላ ቤት አይሠራም። ከሁሉ የሚከፋው አፕ የሚባሉት ተቀጥላ ፕሮግራሞች ናቸው። አንዱ የገዢዎችን አስተያየት ይሰበስባል፥ አንዱ የመላኪያውን ዋጋ ያሰላል፥ አንዱ ደብዳቤ ይልካል፤ እያንዳንዱም የራሱ የወር ክፍያና የራሱ መዝገብ አለው። ነጋዴው ሱቁን ባሳመረ ቍጥር ማሰሪያውን ያጠብቃል።

ከገባ በኋላ የሚሆነውንም በቍጥር እንመልከት። ሾፒፋይ ለረጅም ጊዜ 14 ቀን በነጻ ያስሞክር ነበር፤ በ2020 ወረርሽኙ ሱቆችን ሁሉ በዘጋ ጊዜ ይህን ወደ 90 ቀን አራዘመው፤ እጅግ ብዙ ነጋዴም በዚያን ጊዜ ገባ። በጃንዋሪ 2023 መነሻው ኪራይ ከ29 ወደ 39 ዶላር፥ መካከለኛው ከ79 ወደ 105፥ ትልቁ ከ299 ወደ 399 ዶላር ወጣ። ይህም አንድ ሦስተኛ ያህል ጭማሪ ነው። ለቀድሞ ተከራዮች ጥቂት ወራት የዕፎይታ ጊዜ ተሰጣቸው፤ የዓመቱን አስቀድሞ ለሚከፍልም ቅናሽ አለ። ኩባንያው ዋጋውን ለብዙ ዓመታት ሳይለውጥ መቈየቱን እኛም አንክድም።

ይሁን እንጂ ኪራዩ ዋናው ነገር አይደለም። ሾፒፋይ በ2023 ካገኘው ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ ገቢ ውስጥ ከወር ኪራይ የመጣው ከ2 ቢሊዮን ያነሰ ነው። የቀረው በአብዛኛው ነጋዴው ሲሸጥ ከሚቈረጠው ክፍያ የተገኘ ነው። አንድ ምሳሌ እንሥራ። በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ በርበሬና ቡና የምትሸጥ አንዲት ኢትዮጵያዊት በወር እያንዳንዱ 20 ዶላር የሆነ 100 ትእዛዝ ተቀብላ 2,000 ዶላር ሸጠች እንበል። በመነሻው ኪራይ ላይ ሆና የኩባንያውን የራሱን የካርድ አገልግሎት ብትጠቀም ከእያንዳንዱ ትእዛዝ 2.9 በመቶና 30 ሳንቲም ይቈረጥባታል፤ ይህም በወር 88 ዶላር ነው፤ ከ39 ዶላሩ ጋር 127 ይሆናል። የካርድ ሥራውን በዚያው ዋጋ ለሌላ ድርጅት ብትሰጥ ግን ሾፒፋይ ከሽያጩ 2 በመቶ ተጨማሪ ይወስዳል፤ ሒሳቡ 167 ዶላር ይደርሳል። «በወር 39 ዶላር» ተብላ የገባችው ሴት የምትከፍለው እንግዲህ ሦስት እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ነው፤ አፖቹንም ገና አልቈጠርንም። ቢግኮመርስ እንዲህ ያለውን ተጨማሪ አይወስድም ተብሎ ሲመሰገን ቈይቷል፤ እርሱም ቢሆን ዓመታዊ ሽያጫቸው ከ50,000 ዶላር ያለፈ የመነሻ ተከራዮችን ወደ ውዱ እርከን ሲያሸጋግር ኖሯል። መንገዱ ይለያይ እንጂ ሁለቱም ከገበያው ድርሻ ይወስዳሉ።

አንዱ ቤት ሲፈርስ የሚታየው ሽሚያ ይህን ነገር የበለጠ ይገልጸዋል። አማዞን ለነጋዴዎች ያከራየው የነበረውን ዌብስቶር የተባለ ሱቅ እንደሚዘጋ በ2015 ሲያስታውቅ ተከራዮቹን ወደ ሾፒፋይ መራቸው። አዶቤ በ2018 በ1.68 ቢሊዮን ዶላር የገዛው ማጄንቶ የመጀመሪያውን ሶፍትዌሩን መጠበቅ በጁን 2020 ሲያቆም፥ ተወዳዳሪዎቹ ሁሉ «ዕቃችሁን እኛ እናዛውራለን» እያሉ መጡ። በሌላ ጊዜ በነጋዴው ራስ ላይ የሚወድቀው የመዛወር ድካም በዚያን ጊዜ በአከራዮች ወጪ የሚሠራ ሆነ። መዛወር የማይቻል ነገር እንዳልነበረ ከዚህ እንረዳለን።

ሕግስ ምን ያደርጋል? በአሜሪካ የፌዴራል የንግድ ኮሚሽን በ1972 ባወጣው ደንብ ከቤቱ ወይም ከሆቴል አዳራሽ የገዛ ሰው በሦስት ቀን ውስጥ ውሉን ማፍረስ ይችላል። የአውሮፓ ኅብረት የ2011 መመሪያም በኢንተርኔት ለሚገዛ ሰው 14 ቀን ይሰጣል። ነገር ግን ሁለቱም የሚጠብቁት ለራሱና ለቤቱ የሚገዛውን ነው። በርበሬ ለመሸጥ ሱቅ የተከራየችው ሴት በሕግ ዐይን ነጋዴ ናት፤ ከቢሊዮን ዶላር ኩባንያ ጋር እኩል ተዋዋይ ተደርጋ ትቈጠራለች። ይህ ትክክል አይመስለንም። በኦክቶበር 2024 ያው ኮሚሽን፥ ማንኛውም የወር ክፍያ ሲጀመር እንደነበረው ሁሉ በቀላሉ እንዲቋረጥ የሚያዝ ደንብ አጽድቆ ነበር፤ ይህ ደንብ ለአነስተኛ ነጋዴዎችም የሚሠራ ነበር። ዋና ዋናዎቹ አንቀጾች ሥራ ላይ ከመዋላቸው በፊት በጁላይ 2025 የይግባኝ ፍርድ ቤት ኮሚሽኑ አስቀድሞ ማድረግ የሚገባውን የኢኮኖሚ ጥናት አላደረገም ብሎ ሻረው።

ከዚህ የራቀ እርምጃ የወሰደው የአውሮፓ ኅብረት ነው። ከሴፕቴምበር 12 ቀን 2025 ጀምሮ የሚሠራው የመረጃ ሕግ በኢንተርኔት የሚከራይ ሶፍትዌርን ጭምር የሚመለከት ሲሆን፥ ደንበኛው ነጋዴም ቢሆን ቢበዛ በሁለት ወር ማስጠንቀቂያ መረጃውን ይዞ እንዲወጣ ያደርጋል፤ ከጃንዋሪ 12 ቀን 2027 በኋላ ደግሞ አከራዩ ለመዛወሩ ማስከፈሉን ፈጽሞ ይከለክላል። ሕጉ የሚነካው አከራዩ የሚያስከፍለውን ነው፤ አዲሱን ቤት የማሰናዳቱ ድካም፥ በሊኩዊድ የተጻፈው የሱቅ መልክና በአፖቹ መዝገብ የተበተነው የገዢዎች አስተያየት ግን ለነጋዴው ይቀሩለታል። ስለዚህ ገና ሱቅ የሚከፍት ሰው ዶሜይኑን ከአከራዩ ሳይሆን ከሌላ መዝጋቢ፥ በራሱ ስምና በራሱ የኢሜይል አድራሻ ቢያስመዘግብ፥ የዕቃውንና የደንበኞቹንም ዝርዝር በየወሩ ገልብጦ በእጁ ቢያስቀምጥ፥ ኪራይ በተጨመረበት ዕለት ቢያንስ የሱቁን በር ቍልፍ ከአከራዩ መለመን አይኖርበትም።