የወገብ ድልዳል
በግ ስታርዱ አከርካሪውን ልብ ብላችሁ አይታችኋል? በአንዱ አጥንትና በሌላው መካከል ነጭ፣ ጠንካራ ነገር አለ። እሱ ልም አጥንት ነው። ሐኪሞች ዲስክ ይሉታል። በሰው አከርካሪ ውስጥ 23 አሉ። ዙሪያው እንደ ገመድ የጠነከረ ጭረት ነው፤ መሐሉ ዝልግልግ ነው። በአህያ ጀርባ ከጭነት ሥር እንዳለ ድልዳል ሆኖ አጥንት ከአጥንት እንዳይፋጭ ያደርጋል።

ጋሸና ገበያ ላይ አንድ ጆንያ ገብስ ጎንበስ ብላችሁ ብትመነጭቁ፣ ዙሪያው ሊቀደድ ይችላል። መሐሉ ወጥቶ ነርቭ ይጫናል፤ ሕመሙ እስከ እግር ይወርዳል። ደም እምብዛም ስለማይደርሰው ቶሎ አይድንም።

ስለዚህ እህል፣ ውሃም ሆነ እንጨት ስታነሱ ጉልበታችሁን እጠፉ። ሸክሙን ወደ ሰውነታችሁ አስጠጉ። ከከበደ ለሁለት ያዙት። እግር ከደነዘዘ ወይም ሽንት አልታዘዝ ካለ፣ ወጌሻ ሳትጠሩ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ሂዱ።