ቤትና መዋዕለ ሕፃናት፦ ሕፃኑን በጋራ ስለ ማሳደግ

«በአንድ እጅ አይጨበጨብም» ይላል የሀገራችን ሰው። ይህ አባባል በደንብ ከሚሠራባቸው ጉዳዮች አንዱ የሕፃናት አስተዳደግ ነው። በቤቱ ሲለፈልፍ የሚውል ልጅ መዋዕለ ሕፃናት ሲገባ አንደበቱ ሊያያዝ ይችላል። በቤቱ ያለ እናቱ እጅ እህል የማይቀምስ ልጅ ደግሞ ከእኩዮቹ ጋር ሲቀመጥ ምሳውን ጥርግ አድርጎ ይበላል። መምህርቷ የምታውቀው ዝምታውን ነው፤ እናት የምታውቀው ልፍለፋውን ነው። ሁለቱ ካልተነጋገሩ የልጁን ሙሉ መልክ የሚያውቅ ሰው አይኖርም ማለት ነው።

ስለሆነም የቤተሰብና የመዋዕለ ሕፃናት ግንኙነት መምህሩ ጊዜ ሲተርፈው የሚያከናውነው ትርፍ ሥራ አይደለም። ከማስተማር ሥራው የሚለይ አይደለም፤ እንዲያውም የሥራው ግማሽ ነው። ይህ ለምን እንደሆነና በተግባር እንዴት እንደሚከናወን በዚህ ጽሑፍ ባጭሩ እንመለከታለን።

ሀ. ሰዓቱን እንቁጠር

አንድ ሳምንት 168 ሰዓት አለው። አንድ ሕፃን በሳምንት 5 ቀን፣ በቀን 4 ሰዓት መዋዕለ ሕፃናት ቢውል 20 ሰዓት ይሆናል። የቀረው 148 ሰዓት የቤተሰብና የሰፈር ነው። እሺ፣ እንቅልፉን እናውጣለት ብንልና በቀን 11 ሰዓት ይተኛል ብለን ብናስብ እንኳ፣ ነቅቶ ከሚያሳልፈው 91 ሰዓት ውስጥ 71ዱ ከእኛ ውጭ ነው። ታዲያ በ20 ሰዓት የተሠራው በ71 ሰዓት ካልተደገፈ ምን ያህል ይዘልቃል?

ደግሞም ይህ 71 ሰዓት ባዶ ጊዜ አይደለም። ሕፃኑ ከእናቱ ጎን ተቀምጦ ምስር ሲለቅም መለየትንና መመደብን ይማራል። ቡና ሲፈላ ሲኒ እንዲያቀርብ ሲታዘዝ ሰውንና ሲኒን አንድ ለአንድ ማዛመድ ይለማመዳል፤ ይህ የሒሳብ መሠረት ነው። ማታ አያቱ ተረት ስትነግረው ማዳመጥን፣ የታሪክን ቅደም ተከተልና አዳዲስ ቃላትን ያገኛል። እንቆቅልሽ ሲጫወት ያስባል፤ ሰኞ ማክሰኞ ሲዘል የአካሉን ሚዛን ይጠብቃል። እናቲቱ «እኔ መሃይም ነኝ፣ ምን አስተምረዋለሁ?» ብትልም ስታስተምር ነው የዋለችው። ይህን የሚያውቅ መምህር ሥራውን ከዜሮ አይጀምርም፤ ቤት ከደረሰበት ላይ ይቀጥላል።

ለ. ከሌሎች ሀገሮች ልምድ

በዚህ ረገድ አያሌ ምሳሌዎች ቢኖሩም ሁለቱን ብቻ እንጥቀስ።

የመጀመሪያው በሰሜን ኢጣልያ በሬጆ ኤሚልያ ከተማ አጠገብ የተፈጸመ ነው። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት እ.ኤ.አ. በ1945 እንዳበቃ ቪላ ቼላ በምትባል መንደር የሚኖሩ ወላጆች ጀርመኖች ጥለዋቸው የሄዱትን አንድ ታንክ፣ ጥቂት የጭነት መኪናዎችና ፈረሶች ሸጠው ለልጆቻቸው ትምህርት ቤት በእጃቸው ሠሩ። ሎሪስ ማላጉዚ የተባለ ወጣት መምህር ወሬውን ሰምቶ በብስክሌት ወደ ስፍራው ሄደ፤ አይቶም በዚያው ሥራ ላይ ቀረ። ከተማው የራሱን የመጀመሪያ መዋዕለ ሕፃናት የከፈተው ቆየት ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። ዛሬ ከብዙ ሀገር መምህራን ሊጎበኙት የሚሄዱለት የሬጆ ኤሚልያ አሠራር የተነሣው ወላጆች ጡብ ከደረደሩበት ቦታ ነው። በመሆኑም በዚያ ከተማ ወላጅ እንደ እንግዳ አይታይም፤ ከሕፃኑና ከመምህሩ ጋር ሦስተኛ ባለቤት ሆኖ ይቆጠራል።

ሁለተኛው በአሜሪካ፣ በሚሺጋን ግዛት ይፕሲላንቲ ከተማ ከ1962 እስከ 1967 (እ.ኤ.አ.) የተካሄደው የፔሪ መዋዕለ ሕፃናት ጥናት ነው። ከተቸገሩ የጥቁር አሜሪካውያን ቤተሰቦች 123 ሕፃናት ተመርጠው 58ቱ መዋዕለ ሕፃናት እንዲገቡ፣ 65ቱ እንዳይገቡ ተደረገ። የገቡት በየቀኑ ጠዋት ከመማራቸው ሌላ፣ መምህሯ በሳምንት አንድ ጊዜ ለአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ቤታቸው እየሄደች ከእናትየውና ከልጁ ጋር ትሠራ ነበር። እነዚህ ሕፃናት 40 ዓመት እስኪሞላቸው ድረስ ሲታዩ፣ ሁለተኛ ደረጃን በማጠናቀቅም ሆነ በገቢ ካልገቡት በልጠው ተገኙ፤ በወንጀል የተያዙትም ቁጥር ያነሰ ነበር። ከዚህ ውጤት ምን ያህሉ ከክፍሉ፣ ምን ያህሉ ከቤት ጉብኝቱ እንደመጣ ለይቶ መናገር አይቻልም። የሚቻለው አንድ ነገር ነው፦ ሁለቱ ተለያይተው አልተሠሩም።

ዩሪ ብሮንፈንብረነር የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ በንድፈ ሐሳብ አስረድቷል። እንደሱ አባባል ሕፃኑን የሚቀርጹት ቤቱና ትምህርት ቤቱ ለየብቻቸው ብቻ አይደሉም፤ በሁለቱ መካከል ያለው ግንኙነት ራሱ ሦስተኛ ኃይል ነው። ግንኙነቱ ጥሩ ከሆነ ሕፃኑ ይጠነክራል፤ ከተበላሸ ሕፃኑ በሁለት ገመድ እንደሚጎተት ጥጃ ይሆናል።

ሐ. በሀገራችን

ይህ ሐሳብ ለእኛ ባዕድ አይደለም። ልጅን ለፊደል ቆጠራ የኔታ ዘንድ፣ ለቁርኣን ደግሞ መድረሳ የሚወስደው ወላጁ ነበር። መምህሩም የሰፈሩ ሰው ስለሆነ ከወላጁ ጋር በለቅሶውም በሠርጉም ይገናኛል። ግንኙነቱ በስብሰባ ሳይሆን በኑሮ የተገመደ ነበር ማለት ይቻላል።

በጽሑፍ የሰፈረውን ስንመለከት ደግሞ፣ ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 18 ልጅን የማሳደግ ተቀዳሚ ኃላፊነት የወላጆች መሆኑን፣ መንግሥትም በዚህ ሊያግዛቸው እንደሚገባ ይደነግጋል። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የቅድመ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት ብሔራዊ የፖሊሲ ማዕቀፍም የወላጆችን ትምህርት ከዋና ዋና ምሰሶዎቹ እንደ አንዱ አስቀምጦታል። ከዚያ ወዲህ በየአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የ«ዜሮ ክፍል» በሰፊው ሲከፈት፣ ከዚህ ቀደም መዋዕለ ሕፃናት አይተው የማያውቁ አያሌ ወላጆች ልጃቸውን ይዘው ወደ በሩ መጥተዋል። እነዚህን ወላጆች በሩ ላይ የሚቀበለው ማን ነው? እናንተ ናችሁ።

መ. ግንኙነቱ በተግባር

1. በምዝገባ ቀን። ስም፣ ዕድሜና አድራሻ ጽፎ ማሰናበት በቂ አይደለም። ልጁ በቤት ምን ተብሎ ይጠራል? ሲያለቅስ በምን ይረጋጋል? ምን ይፈራል? የታመመው በሽታ አለ ወይ? ማን ያመጣዋል፣ ማንስ ይወስደዋል? እነዚህን መጠየቅና መመዝገብ ያስፈልጋል። በቤቱ የሚነገረው ቋንቋ ከክፍሉ ቋንቋ የተለየ እንደሆነ ደግሞ የውሃን፣ የሽንትን፣ የሕመምን፣ የእናትን ስም በዚያ ቋንቋ ከወላጁ ተምሮ መያዝ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት «ቢሻን» ሲል ውሃ መጠማቱን፣ ወይም «ማይ» ሲል ያንኑ ማለቱን የሚያውቅ መምህር ያለው ሕፃን ጉሮሮው ደርቆ አይውልም።

2. በር ላይ። ከሁሉም የሚበልጠው ግንኙነት ጠዋትና ማታ በር ላይ ያለችው ሁለት ደቂቃ ናት። እንበልና አንድ ልጅ ጓደኛውን ነከሰ። አንዷ መምህርት ወላጆች በተሰበሰቡበት «እትዬ፣ ልጅዎ ዛሬም ሰው ነከሰ፤ ቤት ውስጥ ሥርዓት አታስተምሩትም እንዴ?» ትላለች። እናትየዋ አንገቷን ደፍታ ልጇን እየጎተተች ትሄዳለች፤ ከነገ ወዲያ የምትልከው የቤት ሠራተኛዋን ነው። ሌላዋ መምህርት ግን ገለል አድርጋ እንዲህ ትላለች፦

«እንደምን ዋሉ እትዬ? ዛሬ ባቄላውን ከሽምብራው ለይቶ ደረደረልኝ፤ ጎበዝ ነው። አንድ ነገር ልጠይቅዎ ፈልጌ ነበር፤ ጓደኛውን ነክሶ ነበርና፣ ሰሞኑን እንቅልፉ እንዴት ነው?»

«ኧረ ምን እንቅልፍ አለ መምህርት! እኅቱ ከተወለደች ወዲህ ከእኔ ጋር መተኛት ቀርቶበት ከአያቱ ጋር ነው፤ ሌሊቱን ሲነጫነጭ ያድራል።»

ልዩነቱ በትሕትና ብቻ አይደለም። ሁለተኛዋ መምህርት የመንከሱን ምክንያት አገኘች። ለነገው ምን ማድረግ እንዳለባት ታውቃለች፤ እናትየዋም እንደዚሁ።

እዚህ ላይ አንድ መዘንጋት የሌለበት ነገር አለ። በር ላይ የሚመጣው ሁልጊዜ ወላጅ አይደለም። ታላቅ እኅት፣ አያት ወይም የቤት ሠራተኛ ሊሆን ይችላል። በእነሱ የሚላክ መልእክት አጭርና በጎ ይሁን፤ ከባዱን ጉዳይ ወላጁን አስጠርቶ በአካል መነጋገር ይሻላል። ማንበብ ለማይችል ወላጅ ደብዳቤ መላክም ማሳፈር እንጂ ማሳወቅ አይደለም።

3. ቤት መሄድ። ሳያሳውቁ መሄድ ነውር ነው፤ በገበያ ቀን መሄድም ሰውን ማጉላላት ነው። ከሄዱ በኋላ ጓዳ ጓዳውን ማየት፣ ድህነቱን መቁጠር፣ ወረቀት አውጥቶ መጻፍ አይገባም። የቀረበውን ቡና ጠጥቶ፣ «ልጁ ከማን ጋር ይጫወታል? ምን ደስ ይለዋል?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። የታየው ችግር በመምህራን ክፍል ወሬ ሊሆን ከቶ አይገባም። አንዴ የተሰማ ወሬ በሰፈሩ ያሉትን በሮች ሁሉ ይዘጋል።

4. ስብሰባ። ብዙ ወላጅ ስብሰባ የሚቀረው ልጁን ስለማይወድ አይደለም። ሰዓቱ ከሥራው ጋር ይጋጫል፤ ወይም «ደግሞ ምን ሊያስከፍሉን ነው?» ብሎ ይሠጋል። ስለዚህ ሰዓቱን ከወላጆች ጋር ተማክሮ መወሰን፣ የገንዘብ ጉዳይ ባይቀር እንኳ ከልጆቹ ሥራ በኋላ ማንሣት፣ የሕፃናቱን ሥዕልና የጭቃ ሥራ አስቀድሞ ማሳየት ይጠቅማል። ጥሪው ለእናቶች ብቻ አይሁን፤ አባቶችም በስማቸው ይጠሩ።

5. የወላጅ እጅ። አናጺው አባት የተሰበረ ወንበር ይጠግናል። ሸማኔው ክር እንዴት እንደሚዳወር ያሳያል። አያት ተረት ትነግራለች። እናቶች ከቁርጥራጭ ጨርቅ አሻንጉሊት ይሰፋሉ፤ ቤት ውስጥ የተጣለ ቆርኪና ካርቶንም መቁጠሪያና መጫወቻ ይሆናል። እዚህ ላይ ዋናው ጥቅም የዋጋ ቁጠባው አይደለም። አባቱ በክፍሉ ፊት ቆሞ ሲሠራ ያየ ሕፃን፣ ቤቱና ትምህርት ቤቱ አንድ ወገን መሆናቸውን ያለ ቃል ይረዳል።

ሠ. ሳይስማሙ ሲቀሩስ?

እውነቱን እንነጋገር። በመምህርና በወላጅ መካከል በተለይ ሁለት ክርክሮች አሉ።

አንደኛው «ልጄ ሲጫወት ነው የሚውለው፤ ለምን አይጽፍም? እንግሊዝኛውስ? የቤት ሥራውስ?» የሚለው ነው። ይህን የሚለው ወላጅ ከምግቡ ቀንሶ የከፈለ ሊሆን ይችላል፤ ጥያቄው ከፍቅር የመጣ ነውና አይናቅ። ነገር ግን የ4 ዓመት ልጅ ጣቱ ሳይጠና እርሳስ አስጨብጦ ገጽ ማስሞላት ትምህርቱን ያስጠላዋል እንጂ አያፈጥነውም። ይህን በንግግር ብቻ ማስረዳት ያስቸግራል። ወላጁን ግማሽ ሰዓት ክፍል ውስጥ አስቀምጦ ማሳየት ይሻላል፦ «ይኸው፣ ጭቃውን ሲያድቦለቡል ለመጻፍ የሚያስፈልገውን ጣት እያጠነከረ ነው፤ ሱቅ ሱቅ ሲጫወቱ ደግሞ እየቆጠሩ ነው።» ወላጅም አንዳንድ ጊዜ ትክክል ነው። ልጁ የሰለቸው ጨዋታው ከአቅሙ በታች ስለሆነ ሊሆን ይችላልና መምህሩም ጆሮ ይስጥ።

ሁለተኛው «መምህር፣ እምቢ ካለዎት ይግረፉልኝ» የሚለው ነው። በዚህ ላይ ድርድር የለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤትም ሆነ በማሳደጊያ ተቋም ከአካላዊ ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ ደንግጓል። ወላጅ ፈቀደ ተብሎ ይህ መብት አይሻርም። ሆኖም ወላጁን «ወንጀለኛ» ብሎ ማባረርም መፍትሔ አይሆንም። «እትዬ፣ እኔ አልመታውም፤ የምናደርገውን ግን አብረን እንፈልግ» ብሎ ሌላ መንገድ ማሳየት፣ ውጤቱንም ከሳምንት በኋላ አብሮ መመልከት ተገቢ ነው።

ረ. ለእጩ መምህራን

በቅርቡ ለማስተማር ልምምድ ስትወጡ ሁሉን ነገር በአንድ ጊዜ ማድረግ አይቻላችሁም። ሦስቱን ብቻ ያዙ። አንደኛ፣ በመጀመሪያው ሳምንት የእያንዳንዱን ሕፃን ስም ብቻ ሳይሆን የሚያመጣውንም ሰው ስም አጥኑ። ሁለተኛ፣ ለእያንዳንዱ ወላጅ ስለ ልጁ አንድ በዓይናችሁ ያያችሁትን በጎ ነገር ንገሩ፤ ችግር ከማውራታችሁ በፊት ይሁን። ሦስተኛ፣ በየቀኑ አንድ ወላጅ ስለ ልጁ አንድ ነገር ጠይቁና መልሱን በማስታወሻችሁ ያዙ። በክፍሉ 40 ልጅ ቢኖር በ8 ሳምንት ሁሉንም ታዳርሳላችሁ።

መምህራኖቻችንም የልምምድ ውጤት ሲመዘግቡ የትምህርት ዕቅዱንና የመርጃ መሣሪያውን ብቻ ሳይሆን፣ ይህንንም ማስታወሻ ቢጠይቁ መልካም ነው። የማይጠየቅ ሥራ ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ የዚህ መረሳት ዋጋ ግን የሚከፈለው በሕፃኑ ነው።